ሻንጣ ያስፈቱት ዓሊም

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩን ሰው ሕንዳዊ ሙስሊም ነበሩ። በዚያን ጊዜ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሕንድ መምህራን ብዙ ስለነበሩ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ለእኛ ለሙስሊም ተማሪዎች የጁምዓ ዕለት አጠገባችን ሶፍ ገብቶ የሚሰግድ መምህር ማግኘት የተለየ ደስታ ነበረው። በ2009 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ቀን ትምህርቱን ጀምረው ሳይጨርሱ ጠመኔውን አስቀመጡና ይቅርታ ጠይቀውን ወጡ። ኋላ እንደሰማነው የአያታቸው ታናሽ ወንድም ካራቺ ላይ አርፈው ኖሯል። ዴልሂ ያለው ቤተሰባቸው ግን ለቀብር ቀርቶ ለለቅሶ እንኳ ሊደርስ አልቻለም። ከኖቬምበር 2008ቱ የሙምባይ ጥቃት ወዲህ በሁለቱ አገሮች መካከል ቪዛ ማግኘት ከበፊቱም የባሰ ጭንቅ ሆኖ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሦስት ሆነን ልናጽናናቸው ቢሯቸው ሄድን። ሻይ አቅርበውልን የሁለቱን ወንድማማቾች ነገር አጫወቱን። በ1947 ሁለቱም በአሮጌው ዴልሂ በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። በከተማው በሙስሊሞች ላይ ግድያና ዝርፊያ ሲበረታ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ አዲሲቱ ፓኪስታን ለመሄድ ተሰናዱ። ታናሹ ቀድመው በባቡር ሄዱ። ታላቁ ለጉዟቸው ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው በዴልሂ ጃሚዕ መስጊድ አንድ ሰው ሲናገሩ ሰሙ፤ ቤታቸው ተመልሰውም የታሰረውን ሻንጣ ፈቱት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ከተማ አልኖሩም፤ በዕድሜያቸውም የተገናኙት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በመስጊዱ የተናገሩት ሰው ማን እንደሆኑ ስንጠይቃቸው መምህራችን መውላና አቡል ከላም አዛድ መሆናቸውን ነገሩን። እኔም ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ለመሆኑ እኚህ ሰው ማን ናቸው? ስለ ሕንድ ነፃነት ሲነሳ ጋንዲና ኔህሩ፣ ስለ ፓኪስታን ሲነሳ ሙሐመድ ዓሊ ጂናህ ይጠቀሳሉ። ሁለቱ አገሮች እንዳይከፈሉ እስከ መጨረሻው የታገሉት ሙስሊም ዓሊም ግን በአንዱም በኩል የሚገባቸውን ስፍራ አላገኙም። በሜይ 2025 ሕንድና ፓኪስታን ለአራት ቀናት በሚሳይልና በድሮን ሲደባደቡ ሰንብተው ተኩስ ሲያቆሙ፣ መጽሐፋቸውን ከመደርደሪያ አውርጄ እንደገና አነበብኩት። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ያ ንባብ ነው።

አዛድ የተወለዱት ኖቬምበር 11 ቀን 1888 በመካ ነው። አባታቸው ሸይኽ ኸይሩዲን የሕንድ ዓሊም ሲሆኑ፣ በ1857 በእንግሊዞች ላይ በተነሳው ዓመፅ ዘመን አገራቸውን ለቀው ወደ ሂጃዝ ከተሰደዱት መካከል ናቸው። እናታቸው የመዲና ዓሊም ልጅ ናቸው። ስለዚህ ልጁ አፉን የፈታው በዐረብኛ ነው። ገና በሕፃንነቱ ቤተሰቡ ወደ ካልካታ ተመለሰ። አባት ብዙ ሙሪዶች ያሏቸው የተከበሩ ሸይኽ ስለነበሩና የእንግሊዝ ትምህርት ቤትን ስለማያምኑ፣ ልጃቸውን በቤት ውስጥ ዐረብኛ፣ ፋርስኛ፣ ፊቅህ፣ መንጢቅና ሒሳብ አስተማሯቸው። ሌሎች ሃያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የሚጨርሱትን ትምህርት እሳቸው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ግድም ጨረሱት።

ከዚያ በኋላ ግን በውስጣቸው ጥያቄ ተነሳ። ሙስሊሞች በቁርኣን አንድ ሆነው ሳለ ስለምን እንዲህ ተለያዩ? የወረሱት ሁሉ እውነት ነውን? በዚህ ጥያቄ ውስጥ እያሉ ነው አዛድ የሚለውን የብዕር ስም የመረጡት፤ ትርጉሙም ነፃ ማለት ነው። የአባታቸውን የሸይኽነት ወንበር ለመውረስ አልፈለጉም። ሰዎች እጃቸውን ሊስሙ ሲጎነበሱ ይጨንቃቸው ነበር። እንግሊዝኛን ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩት ደግሞ የእንግሊዝኛ፣ የፋርስኛና የኡርዱ መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ዘርግተው በማንበብ ነው።

ፖለቲካ የገቡትም፣ ለጉዳያችን በሚስማማ መንገድ፣ በክፍፍል ምክንያት ነው። በ1905 የእንግሊዝ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ከርዘን የቤንጋልን ክፍለ ሀገር ሙስሊም በሚበዛበትና ሂንዱ በሚበዛበት ለሁለት ከፈለው። ወጣቱ አዛድ ክፍፍሉን ከሚቃወሙ የቤንጋል ሂንዱ አብዮተኞች ጋር ተቀላቀሉ። አብዮተኞቹ ሙስሊምን ሁሉ የእንግሊዝ ወዳጅ አድርገው ስለሚያዩ መጀመሪያ ላይ ተጠራጠሯቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዐረብና በቱርክ አገሮች ሲዘዋወሩም፣ ራሳቸው እንደተረኩት፣ ያገኟቸው ሙስሊም ታጋዮች የሕንድ ሙስሊሞች ስለምን የእንግሊዝ ተከታይ ሆኑ እያሉ አሳፈሯቸው። የቤንጋል ክፍፍል በ1911 ተሻረ። የመክፈል ሐሳብ ግን ከዚያች አገር አልወጣም።

ጋዜጠኛ ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አንባቢ አይታዘበኝም ብዬ አምናለሁ። በጁላይ 1912 አዛድ በካልካታ አል-ሂላል የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ በኡርዱ ማሳተም ጀመሩ። የኡርዱ ጋዜጦች በብዛት በእጅ ጽሑፍ ተገልብጠው በድንጋይ ማተሚያ በሚታተሙበት ዘመን፣ አል-ሂላል በፊደል ለቀማ የሚታተም፣ ሥዕል ያለው፣ ወረቀቱ ያማረ ነበር። ጣሊያን በሊቢያ ላይ ያካሄደችውን ወረራና የባልካን ጦርነትን እየዘገበ፣ ቁርኣን ሙስሊሙን ለባዕድ ገዥ እንዲያጎነብስ አያስተምርም እያለ ይጽፍ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ኅትመቱ በሳምንት 26,000 እንደደረሰ አዛድ ጽፈዋል። መንግሥት በፕሬስ ሕጉ መሠረት መጀመሪያ 2,000 ሩፒ መያዣ ጠየቀና ወረሰው፤ ቀጥሎ 10,000 ጠየቀ፤ እሱም ተወረሰ። በ1914 ጋዜጣው ተዘጋ። አዛድ ማተሚያውን ይዘው አል-በላግ የተባለ ሌላ ጋዜጣ ቢጀምሩ በ1916 ከቤንጋል ተባርረው ራንቺ በተባለች ከተማ እስከ ጃንዋሪ 1920 በግዞት ተቀመጡ። ጋዜጣ በመያዣ ገንዘብ ሲታነቅ የሚያነብ የአገራችን ጋዜጠኛ የሚሰማውን ለአንባቢ መግለጽ አያሻኝም።

ከግዞት እንደወጡ ከጋንዲ ጋር ተገናኙ። ጊዜው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቱርክ ኺላፋ እንዳይፈርስ የሕንድ ሙስሊሞች የተነሱበት ነበር፤ ጋንዲም ሂንዱዎችን ይዞ ከጎናቸው ቆመ። ሙስሊም ካልሆነ ሕዝብ ጋር አንድ ሆኖ መታገል ይፈቀዳልን የሚል ጥያቄ ሲነሳ፣ አዛድ መልሱን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራ አመጡ። ነቢዩ በመዲና ከተማ ከአይሁድ ነገዶች ጋር የተዋዋሉትን ውል ጠቅሰው፣ የሃይማኖት ልዩነት ባለበት በአንድ ምድር ለጋራ ደህንነት አንድ ወገን መሆን የሱና መሠረት አለው አሉ። ልብ በሉ፤ የአንድ አገር ልጅነት የሚለውን ሐሳብ ከአውሮፓ አልተዋሱትም። ከመዲና ነው ያመጡት። በ1922 ለፍርድ ሲቀርቡም ለዳኛው በጽሑፍ በሰጡት ረጅም ቃል ጥፋተኛ አይደለሁም ብለው አልተከራከሩም። በደለኛ መንግሥትን መቃወም እንደ ሙስሊም ግዴታዬ ነው የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። አንድ ዓመት ተፈረደባቸው። በ1923፣ ገና በ34 ዓመታቸው፣ የኮንግረስ ፓርቲን ልዩ ጉባዔ በሊቀ መንበርነት መሩ። በማግስቱ ዓመት ኺላፋውን ያፈረሱት እንግሊዞች ሳይሆኑ ቱርኮቹ ራሳቸው ሆኑና የሕንድ ሙስሊሞች ንቅናቄ ሜዳ ላይ ቀረ። አዛድ ከዚህ ውድቀት በኋላ ወደ ቁርኣን ተፍሲራቸው ተመለሱ። ተርጁማን አል-ቁርኣን የተባለው ይህ ሥራ እስከ ዛሬ በኡርዱ አንባቢዎች ዘንድ ትልቅ ስፍራ አለው፤ ሆኖም ሳይጨርሱት ነው የሞቱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በማርች 1940፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሁለት ጉባዔዎች ተደረጉ። በራምጋር ኮንግረስ አዛድን ሊቀ መንበር አድርጎ ተሰበሰበ። በላሆር ደግሞ ሙስሊም ሊግ በጂናህ መሪነት ተሰብስቦ ሙስሊሞች የሚበዙባቸው ግዛቶች ነፃ መንግሥታት እንዲሆኑ ጠየቀ። አዛድ በራምጋር እንደተናገሩት እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ የአሥራ ሦስት ክፍለ ዘመን የእስልምና ቅርስ ወራሽ ናቸው፤ ከዚያም አንዲት ቅንጣት አይተዉም። ሕንዳዊም ናቸው፤ ሙስሊሙ የሺህ ዓመት ላቡን ያፈሰሰባት አገርም የእሳቸው ናት፤ ከዚህም አንዲት ቅንጣት አይተዉም። ስለዚህ አንዱን ምረጥ መባሉን አይቀበሉም።

ነገሩ አስገራሚ ነው። መካ የተወለዱት፣ ቁርኣን የተረጎሙት፣ በጢማቸውና በረጅም ኮታቸው የሚታወቁት ዓሊም ለጋራ አገር ሲከራከሩ፣ ለሙስሊሞች የተለየ አገር የጠየቁት ለንደን ሕግ የተማሩትና ኡርዱን እንኳ በቅጡ የማይናገሩት ጠበቃ ጂናህ ናቸው። ጂናህ በአንድ ወቅት የሂንዱና የሙስሊም አንድነት አምባሳደር ተብለው የተመሰገኑ፣ በ1916 ኮንግረስንና ሊግን ያስማሙ ሰው ነበሩ። በ1940ዎቹ ግን አዛድን እንደ ሙስሊም መሪ ሊያነጋግሯቸው አልፈቀዱም። በጁላይ 1940 በላኩላቸው ቴሌግራም፣ የሂንዱ ፓርቲ ለታይታ ያስቀመጠው ሙስሊም አድርገው ሰደቧቸው። አዛድ ግን በአደባባይ ስድቡን በስድብ አልመለሱም።

ለጂናህም ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የሙስሊሙ ሥጋት የፈጠራ ወሬ አልነበረም። እንግሊዝ ስትወጣ ሥልጣኑ በቁጥር ሦስት እጥፍ ለሚበልጥ ሕዝብ ሊተላለፍ ነው፤ በ1937 ሥልጣን የያዙት የኮንግረስ የክፍለ ሀገር መንግሥታትም ብዙ ሙስሊሞችን አስቀይመዋል። በ1945 መጨረሻ ለማዕከላዊው ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ ለሙስሊሞች የተመደቡትን 30 መቀመጫዎች ሠላሳዎቹንም የወሰደው ሙስሊም ሊግ ነው። የመምረጥ መብት በንብረትና በትምህርት የተገደበ ነበር፤ ድሃው ሙስሊም አልተጠየቀም፤ ይህን አዛድን የሚደግፉ ጸሐፊዎች ሁሉ ይናገራሉ። እንዲያም ሆኖ ሠላሳ ለባዶ ሠላሳ ለባዶ ነው። አዛድ ሙስሊሙን በክርክር አላሸነፉትም፤ ወይም አልደረሱበትም።

ከዚያ በፊት ግን እስር ቤት ነበሩ። በኦገስት 1942 ኮንግረስ እንግሊዝ ሕንድን ለቅቃ ትውጣ ብሎ በወሰነ ማግስት አዛድ፣ ኔህሩና ሌሎቹ መሪዎች ተይዘው በአህመድናጋር ምሽግ ታሰሩ። አዛድ እዚያ ሆነው ለአንድ ወዳጃቸው የማይላኩ ደብዳቤዎች ይጽፉ ነበር፤ ኋላ ጉባር-ኢ-ኻጢር ተብለው ታትመዋል። ከእነዚህ አንዱ ስለ ሻይ ነው። ሌሊት ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ማለትም ከሱብሒ በፊት ተነስተው የቻይና ጃስሚን ሻይ ራሳቸው አፍልተው ይጠጡ ነበር፤ ወተት የሚጨምርበትን ሰው ሻይ ጠጣ አይሉትም። ሻይ በወተት የሚወዱ አንባቢዎቻችን አውፍ ይበሏቸው። ሌላው ደብዳቤ ክፍላቸው ውስጥ ጎጆ ሠርተው ሰላም ስለነሷቸው ድንቢጦች ነው። መጀመሪያ በዱላ ሊያባርሯቸው ሞከሩ፣ ኋላ እህል መስጠት ጀመሩ፣ በመጨረሻ ወፎቹ እጃቸው ላይ እየመጡ ይቀመጡ ነበር።

በ1943 መጀመሪያ ባለቤታቸው ዙለይኻ በካልካታ በጠና ታመሙ። የእስር ቤቱ አለቃ ማመልከቻ ብትጽፍ አስተላልፍልሃለሁ ቢላቸው አዛድ ከሚታገሉት መንግሥት ውለታ አልጠይቅም አሉ። በኤፕሪል በቴሌግራም መሞታቸው ተነገራቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ እህታቸውም ሞቱ። በጁን 1945 ሲፈቱ ካልካታ የተቀበላቸውን ሕዝብ ይዘው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ባለቤታቸው ቀብር ነው። ይህን ውሳኔያቸውን ሳነብ ሁልጊዜ ይከብደኛል። ክብር መሆኑ ይገባኛል፤ ሆኖም በዚያ አልጋ ላይ የተኛችው ሴት ተጠይቃ ቢሆን ምን ትል ነበር እላለሁ።

በ1946 የእንግሊዝ መንግሥት ሦስት ሚኒስትሮችን ላከ። በሜይ 16 ያወጡት ዕቅድ ሕንድ አንድ ሆና እንድትቀር፣ ማዕከሉ ግን መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይንና መገናኛን ብቻ ይዞ ሌላው ሥልጣን ሁሉ ለክፍለ ሀገራት እንዲተው የሚል ነበር፤ ክፍለ ሀገራቱም በሦስት ቡድን ይደራጃሉ። ይህ ዕቅድ አዛድ አስቀድመው ለፓርቲያቸውና ለልዑካኑ ካቀረቡት ሐሳብ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። አሳባቸው ቀላል ነበር። ሙስሊም በሚበዛበት ክፍለ ሀገር ሙስሊሙ ራሱን ያስተዳድር፤ በመላ አገሪቱ ደግሞ ከ90 ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ አንድ ላይ ሲቆም ማንም ሊረግጠው አይችልም። ከተከፈለ ግን የተከፈለው አገር ብቻ አይደለም፤ ሙስሊሙ ራሱ ለሁለት ይከፈላል፣ በሕንድ የሚቀረውም ደካማና የተጠረጠረ ሆኖ ይቀራል።

ሙስሊም ሊግ ዕቅዱን በጁን ተቀበለ። ኮንግረስም በጁላይ መጀመሪያ ተቀበለ። ለአንድ ወር ያህል የሕንድ ክፍለ አህጉር ሳይከፈል ሊቀር ይመስል ነበር። ግን አዛድ በዚያው ሰሞን ከስድስት ዓመት በኋላ ሊቀ መንበርነቱን ለኔህሩ አስረከቡ፤ ኔህሩም ጁላይ 10 ቀን በቦምቤ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ኮንግረስ ወደ ሕገ መንግሥት ጉባዔው ሲገባ በምንም ስምምነት እንደማይታሰር ገለጹ። ጂናህ ይህን ሲሰሙ ሥልጣን ገና ሳይይዙ ቃላቸውን ከበሉ ከያዙ በኋላስ ብለው መቀበላቸውን ሰረዙ። ኦገስት 16 ሊጉ የጠራው የተቃውሞ ቀን በአዛድ ከተማ በካልካታ በሺዎች የሚቆጠሩ ሂንዱዎችና ሙስሊሞች ያለቁበት ዕልቂት ሆነ። አዛድ የኔህሩ ወዳጅ ነበሩ፤ እስከ ሞት ድረስም አልተለያዩም። ቢሆንም ያቺን የጋዜጣ መግለጫ ይቅር አላሏትም። ከሁሉ አብልጠው የጸጸታቸው ደግሞ የራሳቸው ሥራ ነው፤ ሊቀ መንበርነቱን ለኔህሩ እንዲሰጥ ያቀረቡት እሳቸው ነበሩና።

በ1947 የመጨረሻው እንደራሴ ማውንትባተን መጣና መከፈሉ ተቆረጠ። አዛድ እንደጻፉት የኮንግረስ መሪዎች አንድ በአንድ ሲሸነፉ አዩ፤ መጀመሪያ ሰርዳር ፓቴል፣ ቀጥሎ ኔህሩ፣ በመጨረሻ ጋንዲ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ መሪዎች ሙስሊሙን የሚያጽናኑበት አንድ ክርክር ነበር፤ በፓኪስታን ሂንዱዎች ይኖራሉ፣ በሕንድ ሙስሊሞች ይኖራሉ፣ እንግዲህ አንዱ የሌላው መያዣ ስለሚሆን ማንም ማንንም አይነካም የሚል። አዛድን ከምንም በላይ ያስደነገጣቸው ይህ ነው። ሰው ለሌላ ሰው ጥፋት መያዣ የሚሆንበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው? በላሆር ሂንዱ ሲገደል በዴልሂ ሙስሊም የሚቀጣ ከሆነ ይህ ጥበቃ ሳይሆን የበቀል ውል ነው። በእኔ ግምት አዛድ ከጻፉት ሁሉ ስለ ሁለቱ አገሮች ጠላትነት ይህን ያህል የሚያስረዳ የለም። ያ ውል እስከ ዛሬ አልተቀደደም።

ሆኖም አንድ ነገር አልደብቅም። በጁን 1947 የኮንግረስ ሥራ አስፈጻሚ ክፍፍሉን ሲቀበል አዛድ በክፍሉ ውስጥ ነበሩ። በስብሰባው የነበረው ሶሻሊስቱ ራም ማኖሃር ሎሂያ እንደጻፈው፣ ሁለቱን ቀን ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲጋራ ከማጨስ በቀር ቃል አልተነፈሱም። ሰባት ዓመት ሲጮኹበት የነበረው ነገር ሲወሰን ዝም አሉ። ተስፋ ቆርጠው ይሆናል፤ ፓርቲያቸውን ላለመስበር ብለውም ይሆናል። ለእኔ ግን ከሕይወታቸው ሁሉ የማልቀበለው ያን ዝምታ ነው።

ድንበሩን ያሰመረው ሲሪል ራድክሊፍ የተባለ የለንደን ጠበቃ ነው። ከዚያ በፊት ሕንድን አይቷት አያውቅም፤ የተሰጠው ጊዜም አምስት ሳምንት ነበር። መስመሩ ይፋ የሆነው ኦገስት 17፣ ሁለቱ አገሮች ነፃ ከወጡ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሰው ባንዲራ እየሰቀለ በየትኛው አገር እንዳለ አያውቅም ነበር። ፑንጃብና ቤንጋል ለሁለት ተቆረጡ። ከ12 እስከ 15 ሚሊዮን ሰው ከቤቱ ተነቀለ። የሞቱትን አንዳንዶች ሁለት መቶ ሺህ፣ ሌሎች አንድ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ይሏቸዋል። ሬሳ ብቻ የጫኑ ባቡሮች ከሁለቱም ወገን ይገቡ ነበር።

በሴፕቴምበር እሳቱ ዴልሂ ደረሰ። ሙስሊሞች ከየሰፈራቸው ተነቅለው በአሮጌው ምሽግ በፑራና ቂላ በዝናብና በጭቃ ሰፈሩ። አዛድ፣ አሁን ሚኒስትር የሆኑት፣ የሸሹትን ቤታቸው አስገቡ፤ ቤቱ ሲሞላ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተከሉ። በኦክቶበር በጃሚዕ መስጊድ ለተሰበሰበው ሕዝብ ተናገሩ። ንግግራቸው ማባበያ አልነበረም። ስናገር ምላሴን ቆረጣችሁት፣ ስሄድ እግሬን ሰበራችሁት ብለው ወቀሱት። ከዚያ ይህን ሽሽት በሂጅራ ቅዱስ ስም አትጥሩት አሉ። ሂጅራ የሚለው ቃል ለእኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች ምን ያህል የከበረ እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቃል እንዴት እንደሚወጋ ግልጽ ነው። የነጃሺ እንግዶች የሸሹት እምነታቸውን ይዘው ለመኖር ነው፤ እነዚህ ግን አባቶቻቸው የሠሩትን መስጊድ ባዶ ጥለው ሊሄዱ ነው። አገሪቱ የእናንተም ናት፣ ስለ ነገዋ የሚወሰነው ያለ እናንተ ከሆነ ምሉዕ አይሆንም ብለው አበቁ። ስንት ሰው ሻንጣውን እንደፈታ የቆጠረ የለም። የመምህሬ አያት አንዱ ናቸው።

በጃንዋሪ 1948 ጋንዲ ለዴልሂ ሙስሊሞች ደህንነት ምግብ ሲያቆም፣ ቅድመ ሁኔታዎቹን ለሕዝብ ያደረሱት አዛድ ነበሩ፤ የተወሰዱ መስጊዶች ይመለሱ፣ ሙስሊሙ ያለ ፍርሃት ይንቀሳቀስ የሚሉ ናቸው። በዚያው ሰሞን የሕንድ መንግሥት ለፓኪስታን የሚገባትን 550 ሚሊዮን ሩፒ ለቀቀ። ጋንዲ ጃንዋሪ 30 ተገደለ፤ ገዳዩም ለሙስሊምና ለፓኪስታን አደላ ብሎ የጠላው ሂንዱ ነው። በኤፕሪል 1950 ኔህሩና የፓኪስታኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊያቀት ዓሊ ኻን በዴልሂ ተፈራርመው እያንዳንዱ መንግሥት በውስጡ ላሉ አናሳዎች ራሱ ኃላፊ እንዲሆን ተስማሙ። የመያዣው ሐሳብ በወረቀት የተሻረው ያን ቀን ነው። ሊያቀት በ1951 ተገደሉ፤ ስምምነቱም ቀስ በቀስ ተረሳ።

አዛድ እስከ ሞቱ ድረስ የሕንድ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁት ሰው በ1951 በካራግፑር የመጀመሪያውን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ቀጥሎም የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽንንና የሥነ ጽሑፍ አካዳሚውን አቋቋሙ። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው የሕንድ መሐንዲሶች የወጡበት መሠረት ይህ ነው። እኔን ያስተማሩኝም መምህር ከዚያ መሠረት የወጡ ናቸው።

የሕይወታቸውን ትረካ ጸሐፊያቸው ሁማዩን ከቢር በኡርዱ እየሰማ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ በ1959 ታተመ። ሠላሳ ገጽ ያህሉ ግን ለሠላሳ ዓመት ታሽጎ እንዲቀመጥ አዘዙና በካልካታና በዴልሂ ተቀመጠ፤ የወጣውም በ1988 ነው። እዚያ ውስጥ ስለ ጓደኞቻቸው ያሉት ከፊቱ የመረረ ነው፤ በ1946 ለፓቴል ድጋፍ አለመስጠታቸውን እንኳ እንደ ስሕተት ቆጥረውታል። ሃይማኖት ብቻውን በመልክዓ ምድር፣ በቋንቋና በኑሮ የተራራቁትን ምሥራቅና ምዕራብ ፓኪስታንን አንድ አድርጎ አያቆይም ብለውም ጽፈው ነበር። በ1952 በዳካ ለቤንጋሊ ቋንቋ የተሰለፉ ተማሪዎች ተገድለዋል፤ በዲሴምበር 1971 ምሥራቁ ባንግላዴሽ ሆነ። ሙስሊም ሙስሊምን ያረደበት ጦርነት ነው።

ሁለቱ ጎረቤቶች በ1947፣ በ1965፣ በ1971ና በ1999 ተዋግተዋል። በ1960 የኢንደስን ወንዞች የተካፈሉበት ውል ሦስት ጦርነት አልፎ ቆይቶ ነበር፤ በኤፕሪል 2025 ከፓሃልጋም ግድያ በኋላ ሕንድ አገደችው፤ የአታሪ-ዋጋ መሻገሪያም ተዘጋ። በ1976 የጀመረው የሰምጆታ ባቡር በ2019 ቆሟል። በሕንድ የቀረው ሙስሊም በ1951 ቆጠራ 35 ሚሊዮን ነበር፤ በ2011 ደግሞ 172 ሚሊዮን። ጦርነት ባለ ቁጥር ታማኝነቱን እንዲያስመሰክር የሚጠየቀው እሱ ነው። በ2023 ከሕንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል የፖለቲካ መማሪያ መጽሐፍ የአዛድ ስም ወጥቷል። በፓኪስታን ደግሞ ቀድሞውንም ብዙ አልተነሳም።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1958 በዴልሂ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። የተቀበሩት በጃሚዕ መስጊድና በቀዩ ምሽግ መካከል፣ በዚያ ንግግራቸው ከተሰማበት ስፍራ አጠገብ ነው። የመምህሬ አያት ጀናዛው ላይ ነበሩ። ያን ዕለት ማታ ለካራቺው ወንድማቸው ስለ ቀብሩ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀ።